አንድ አይሱዙ ስንት ሰንጋ ይጭናል? የሐረርጌን ሰንጋ ሳይጎዱ ቄራ የማድረሻ መመሪያ

የከብት ነጋዴዎች፣ ለበዓል ቅርጫ ሰንጋ የሚያስመጡ የዕድር አባላትና አልፎ አልፎም ሾፌሮች አንድ ጥያቄ ደጋግመው ያቀርቡልኛል፦ «አንድ አይሱዙ ስንት ሰንጋ ይጭናል?» ጠያቂው የሚጠብቀው አንድ ቁጥር ብቻ ነው። ቁጥሩን በደረጃ 3 ላይ ራስዎ አስልተው ያገኙታል። ሆኖም በትክክል የተቆጠረ ጭነትም ቢሆን አጫጫኑ፣ አስተሳሰሩና የመነሻ ሰዓቱ ከተበላሹ በደኅና አይደርስም፤ ስለዚህ መልሱን ከነሙሉ ሥራው ጽፌዋለሁ።

በምሥራቅና በምዕራብ ሐረርጌ የሚደልበው ሰንጋ ቢያንስ የማድለቢያውን ወራት በባለቤቱ ደጅ ታስሮ፣ የማሽላ ቅጠልና አገዳ፣ ከማሳ የሳሳ ቡቃያ እንዲሁም የጫት ገረባ እየቀረበለት የሚቆይ ከብት ነው። በእነዚህ ወራት ረጅም መንገድ አልሄደም፣ ከማያውቀው ከብት ጋር አልተቀላቀለም፣ የሚናወጥ ወለል ላይም አልቆመም። እነዚህን ሦስቱንም በአንድ ቀን ሲያገኛቸው የሚደርስበት ድንጋጤ ከመስክ ከመጣ ከብት ይበልጣል። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች በሙሉ ይህን ድንጋጤ ለመቀነስ የተሠሩ ናቸው።

መመሪያው በዋናነት ከሐረር፣ ከድሬዳዋ ወይም ከጨለንቆና ከሂርና ገበያዎች ወደ አዳማና አዲስ አበባ ለሚሄድ ጭነት ያገለግላል። ወደ ሐረር ወይም ወደ ድሬዳዋ ቄራ ለሚደረግ አጭር ጉዞም ከደረጃ 7 በቀር ሁሉም ይሠራል፤ አብዛኛው ጉዳት የሚደርሰው በመጫንና በማውረድ ጊዜ ስለሆነ የመንገዱ ማጠር ጥንቃቄውን አያስቀርም።

ከመጀመርዎ በፊት፦ ድካም ሥጋውን ለምን ያበላሸዋል?

የሰንጋ ጡንቻ ግላይኮጅን የሚባል የስኳር ክምችት አለው። ከታረደ በኋላ ይህ ክምችት ወደ ላክቲክ አሲድ ይለወጥና የሥጋውን የአሲድነት መለኪያ (ፒኤች) በአንድ ቀን ገደማ ውስጥ ወደ 5.4 እስከ 5.8 ያወርደዋል፤ ሥጋው ደማቅ ቀይ የሚሆነውና ቶሎ የማይበላሸው በዚህ ምክንያት ነው። ከብቱ በመንገድ ላይ ከተጣላ፣ ከተንገላታና ሚዛኑን ለመጠበቅ ሲታገል ካደረ ግን ክምችቱ ከመታረዱ በፊት ያልቃል። ፒኤቹ ከ6 በላይ ሲቀር ሥጋው ይጠቁራል፣ ይደርቃል፣ ቢላዋ ላይ ይጣበቃል፣ ቶሎም ይሸታል። ቁርጥ የሚመርጥ ደንበኛ ይህን ከሩቅ ያውቀዋል። የተመታና የተወጋ ቦታ ደግሞ ደም ይቋጥርና በምርመራ ጊዜ ተቆርጦ ይጣላል። በመንገድ የሞተው ለክርስቲያኑም ለሙስሊሙም በክት ስለሆነ ከእርሱ የሚተርፍ ነገር የለም።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- የጭነት አልጋው (ካሶኒው) ወለል ላይ የሚነጠፍ የእንጨት ወይም የብረት ፍርግርግ፣ በላዩ የሚበተን አሸዋና የተከተፈ አገዳ ወይም ጭድ
- ከወለሉ ጋር በደንብ የሚገጥም፣ ሁለት ጎኑ የተከለለ የመጫኛ መወጣጫ
- ከብቱን በቡድን የሚከፍሉ ጠንካራ አግዳሚዎች፣ ቢያንስ ሁለት
- ለእያንዳንዱ ሰንጋ አንድ ለስላሳና ወፍራም የጥጥ ወይም የቃጫ ገመድ፣ ከዚያ ላይ ሁለት ትርፍ
- የተሳለ ቢላዋ፣ ረዳቱ በቀላሉ ሊያገኘው በሚችል ቦታ
- ለእያንዳንዱ ሰንጋ ከ10 እስከ 15 ሊትር የሚሆን ውሃ በጀሪካን ወይም በበርሜል፣ ከሁለት ባልዲ ጋር
- ለጥላ የሚሆን ሸራ፣ የእጅ ባትሪ፣ የሜትር መለኪያ
- ጫፉ ላይ የማዳበሪያ ከረጢት የታሰረበት ረጅም ዘንግ፤ ይህ በዱላ ምትክ የሚያገለግል መንጃ ነው
- የእንስሳት ጤና ማረጋገጫና የግዢ ደረሰኝ፣ በአንድ ፕላስቲክ ውስጥ

ቀጭን የናይለን ሲባጎ በዝርዝሩ ውስጥ የለም፤ የወደቀ ሰንጋ ሲንጠለጠልበት ቆዳ ይቆርጣል፣ ያንቃልም።

ደረጃ 1፦ መጫን የሌለበትን ይለዩ

ከመግዛትዎ በፊት ሰንጋውን ቢያንስ 20 እርምጃ ያህል ያስኬዱት። የሚያነክስ፣ በአራቱም እግሩ እኩል የማይቆም፣ ዓይኑ የታወረ፣ ክፍት ቁስል ያለው፣ ትኩሳት ያለው ወይም ትንፋሹ የሚቆራረጥ ከብት ለረጅም ጉዞ አይጫንም። ቆሞ ሲታይ ቀላል የሚመስል ማነከስ ተራራና ጠመዝማዛ ላይ ለሰዓታት ሲቆም ወደ መውደቅ ይለወጣል፤ አንድ የወደቀ ሰንጋ ደግሞ በጎኑ ያሉትን ሁለትና ሦስት ያደናቅፋል። እንዲህ ያለውን በአቅራቢያ ባለው ቄራ ማሳረድ ይሻላል።

ሻጩን በቅርቡ መርፌ ተወግቶ እንደሆነ ይጠይቁት። ከተወጋ በመድኃኒቱ ላይ የተጻፈው የመጠበቂያ ጊዜ ሳያልፍ ለእርድ አይሄድም። ለጉዞው እንዲረጋ ተብሎ የሚሰጥ ማስተኛ መድኃኒትም ፈጽሞ አይፈቀድም፤ አንደኛ ሥጋው ውስጥ ይቀራል፣ ሁለተኛ የደነዘዘ ከብት ሚዛኑን መጠበቅ አይችልም።

ደረጃ 2፦ መኪናውን ያዘጋጁ

በመጀመሪያ ወለሉን ይመልከቱ፤ የቀደመው ጭነት ሲሚንቶ፣ ጨው ወይም ነዳጅ ከነበረ በውሃ ያጥቡት። ከዚያ ፍርግርጉን ያንጥፉ፣ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል አሸዋ ይበትኑና አገዳውን በላዩ ያልብሱት። አሸዋው ሽንትና እበት ሲቀላቀልበት እንኳ ለሰኮና መያዣ ይሆናል፤ አገዳ ብቻውን ሲረጥብ ያንሸራትታል። የአሸዋውን ክብደት ግን አይርሱ፦ 13 ካሬ ሜትር ወለል ላይ 3 ሴንቲ ሜትር አሸዋ ከ6 ኩንታል በላይ ስለሚመዝን ከመኪናው የመጫን አቅም ላይ መቀነስ አለበት።

የጎን አጥሩ የትልቁን ሰንጋ ጀርባ አልፎ ከፍ ማለት ይኖርበታል። የታችኛው ክፍል እግር እንዳይሾልክ ድፍን፣ የላይኛው ክፍል ነፋስ እንዲገባ ክፍት ይሁን። በመጨረሻ እጅዎን በውስጠኛው ግድግዳ ላይ እያሳለፉ የወጣ ምስማር፣ የተቆረጠ ሽቦና የሾለ ብረት ይፈልጉ። እጅዎን የሚቧጭረው ነገር የሰንጋውን ቆዳ ይቀደዋል፤ የተቀደደ ቆዳም ዋጋ የለውም።

ደረጃ 3፦ ቁጥሩን ያስሉ

አሁን ወደ ጥያቄው እንምጣ። መልሱ የሚወሰነው በመኪናው ስም ሳይሆን በወለሉ ስፋትና በሰንጋው ክብደት ነው።

ሀ. የጭነት አልጋውን የውስጥ ርዝመትና ወርድ ይለኩና ያባዙ። ለምሳሌ 6 ሜትር በ2.2 ሜትር ከሆነ 13.2 ካሬ ሜትር ነው።

ለ. ሚዛን ከሌለ ክብደቱን በመለኪያ ይገምቱ። ከፊት እግሩ ጀርባ የደረቱን ዙሪያ ይለኩ፣ ከዚያም ከትከሻው ጫፍ እስከ መቀመጫ አጥንቱ ያለውን ርዝመት ይለኩ፤ ሁለቱም በሴንቲ ሜትር ይሁኑ። የደረት ዙሪያውን በራሱ ያባዙት፣ ያገኙትን በርዝመቱ ያባዙት፣ ከዚያ ለ10,838 ያካፍሉት። የደረት ዙሪያው 165፣ ርዝመቱ 135 የሆነ ሰንጋ 340 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል።

ሐ. ለመነሻ ያህል 300 ኪሎ ለሚመዝን 1.0፣ ለ350 ኪሎ 1.1፣ ለ400 ኪሎ 1.2፣ ለ450 ኪሎ 1.3 ካሬ ሜትር ይያዙ። የእኛ ሰንጋ ቀንዳም ስለሆነ በዚህ ላይ አንድ አሥረኛ ይጨምሩ፤ ቀንድ ቦታ ይፈልጋል፣ ቦታ ካጣም የጎረቤቱን ጎን ይወጋል።

መ. ወለሉን ለአንዱ በሚደርሰው ስፋት ያካፍሉ። በምሳሌያችን ለ340 ኪሎ ሰንጋ 1.2 ካሬ ሜትር ይደርሳል፤ 13.2 ለ1.2 ሲካፈል 11 ነው። ስለዚህ ክብደታቸው አሸዋው ከተቀነሰለት የመጫን አቅም ካላለፈ ይህ መኪና 11 ሰንጋ ይጭናል።

ብዙዎች ይህን ሲሰሙ «እኛ 15 እንጭናለን፣ ተጠጋግተው ስለሚደጋገፉ አይወድቁም» ይላሉ። በእርግጥ የተጠቀጠቀ ከብት ቶሎ አይወድቅም፤ አንድ ጊዜ ከወደቀ ግን የሚነሣበት ቦታ የለውም፣ ክፍተቱንም ሌሎቹ ወዲያው ስለሚሞሉት እየተረገጠ ይሞታል። እንዲሁም ሰንጋ በጉዞ ላይ እግሩን ከፍቶ፣ መኪናው በተናወጠ ቁጥር አንድ እርምጃ ወዲህ አንድ እርምጃ ወዲያ እያለ ነው ሚዛኑን የሚጠብቀው፤ እርምጃውን ከከለከሉት በጡንቻው ብቻ ሲታገል ያድራል። በሌላ በኩል ስድስት ሰንጋ ብቻ ጭኖ አልጋውን በሙሉ መልቀቅም ስሕተት ነው፤ ፍሬን ሲያዝ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይላተማሉ። ጭነቱ ሲያንስ አግዳሚውን ወደፊት አምጥተው ቦታውን ያጥብቡ።

ደረጃ 4፦ ከጉዞው በፊት ያለው ቀን

ሰንጋዎቹን ከገበያ እንደገዙ ወዲያው አይጫኑ፤ ቢያንስ አንድ ሌሊት በጥላ ያሳርፏቸው። ከአንድ ደጅ የመጡትን አንድ ላይ ይሰሩ፣ የማይተዋወቁትን ደግሞ ቀንድ ለቀንድ በማይደራረሱበት ርቀት ጎን ለጎን ያቁሙ። የማይተዋወቁ ወይፈኖችና ሰንጋዎች ተለቀው ሲቀላቀሉ ማን ይበልጣል በሚል ይዋጋሉ፤ ከላይ የተናገርነው የጡንቻ ስኳር ከምንም ነገር ይልቅ በዚህ ውጊያ ያልቃል።

መኖው ደረቅ አገዳ ወይም ድርቆሽ ይሁን። እርጥብ ቅጠል፣ ገረባና ፉርሽካ ከመነሻው አንድ ቀን በፊት ያቁሙ፤ ሆድ ያላላሉ፣ ወለሉም በቀጭን እበት ይንሸራተታል። ውሃ ግን እስከ መጫኛው ሰዓት ድረስ ሳይቋረጥ ይቅረብ። ክብደት ይጨምራል ተብሎ ጨው አልሶ ውሃ ማስጠጣት በገበያ የተለመደ ብልጠት ነው፤ የተነፋ ሆድ ሳንባን ይጫናል፣ ሰንጋውም ገና ዳገቱ ሳይጀመር ማለክለክ ይጀምራል።

ወረቀቱን በዚሁ ቀን ይጨርሱ። የጤና ማረጋገጫ ሳይያዝ በኬላ ላይ በፀሐይ መቆም ለከብቱ ከጉዞው ራሱ ይከፋል።

ደረጃ 5፦ መጫን

ከሁሉም ደረጃ በላይ ጊዜ ሊሰጡት የሚገባው ይህ ነው። በብዙ ገበያዎች መወጣጫ ስለሌለ መኪናው ኋላውን ወደ አፈር ጉብታ ያስጠጋና ሰንጋው በአራት ሰው እየተጎተተ፣ ጅራቱ እየተጠመዘዘና ጀርባው እየተመታ ይወጣል። በዚህ ሁኔታ የተጫነ ሰንጋ ጉዞው ሳይጀመር ደክሟል፣ ጀርባውና ታፋውም ደም ቋጥሯል።

የመወጣጫው ተዳፋት ከ20 ዲግሪ ባይበልጥ ይመረጣል። የመኪናው ወለል ከመሬት 1.2 ሜትር ከፍ ካለ መወጣጫው 3.5 ሜትር ያህል መርዘም አለበት ማለት ነው። ወለሉ ላይ በየ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትሩ አግድም ጣውላ ይመታ። መወጣጫው ከመኪናው ወለል ጋር ሲገጥም ሰኮና የሚገባበት ክፍተት እንዳይኖር፣ ሲረገጥም እንዳይነቃነቅ ያረጋግጡ፤ ከብት የሚነቃነቅ ነገር አንድ ጊዜ ከረገጠ ሁለተኛ በፈቃዱ አይረግጥም። ጉብታ ከመጠቀም ሌላ ምርጫ ከሌለዎት ጉብታውን በአካፋ አስተካክለው ክፍተቱን በጣውላ ይሸፍኑ።

ከዚያ ራስዎ በመወጣጫው ላይ ጎንበስ ብለው በሰንጋው ዓይን ከፍታ ወደ ውስጥ ይመልከቱ። ጥላ፣ የተንጠለጠለ ጨርቅ፣ የሚያብረቀርቅ ኩሬ፣ አጥሩ ላይ የተጣለ ጃኬት፣ እነዚህ ሁሉ ያስቆሙታል። አንድ ቀን ሰባት ሰንጋ የወጣበትን መወጣጫ ስምንተኛው እምቢ ብሎ ግማሽ ሰዓት ያህል ዱላ ወረደበት፤ በኋላ ስናየው ነፋስ ያመጣው የፌስታል ቁራጭ አጥሩ ላይ ተይዞ ይውለበለብ ነበር። ፌስታሉ ሲነሣ ሰንጋው ማንም ሳይነካው ወጣ። በጨለማ የሚጭኑ ከሆነ መብራቱ በአልጋው ውስጥ ሆኖ ወለሉን ያብራ እንጂ ወደ ሰንጋው ዓይን አይዙር፤ ከብት ወደ ብርሃን ይሄዳል፣ ከሚያሳውር ብርሃን ግን ይሸሻል።

ሲነዱ የሚቆሙበት ቦታ ከዱላ ይበልጣል። ሰንጋ በቀጥታ ከኋላው ያለውን አያይም፤ ስለዚህ እዚያ የቆመ ሰው ወይ ያስደነግጠዋል ወይ ይረገጣል። ከጎኑ ትንሽ ራቅ ብለው፣ ከትከሻው ወደኋላ ባለው በኩል ሲጠጉት ወደፊት ይሄዳል፤ ከትከሻው ፊት ከቆሙ ወደኋላ ይመለሳል። አንድ እርምጃ በሄደ ቁጥር እርስዎም አንድ እርምጃ ወደኋላ ይበሉለት፣ ግፊቱ እንደ ቀለለው ይረዳል። ጩኸትና ፉጨት ያስቀሩ።

አንድ የማልተወው ምክር አለ፦ የሸጠልዎትን ገበሬ ሰንጋው እስኪጫን እንዲቆይ ይለምኑት። ወራት ሙሉ በእጁ ያበላውን ሰው ድምፅ ሰንጋው ያውቃል፤ ገበሬው ገመዱን ይዞ ቀድሞ ሲወጣ ብዙ ጊዜ ተከትሎት ይወጣል። ለሻይ የሚሰጡት ገንዘብ ለአራት ጎታች ከሚከፍሉት ያንሳል።

ማስጠንቀቂያ፦ ጅራት መጠምዘዝ፣ ዓይንና ብልት መንካት፣ በሾለ ነገር መውጋት፣ በቀንድ ብቻ ይዞ መጎተት የተከለከሉ ናቸው። የጠመዘዙት ጅራት ሲሰበር የሚሰማውን ድምፅ የሰማ ሰው ሁለተኛ አያደርገውም።

ደረጃ 6፦ አቋቋምና አስተሳሰር

ሰንጋዎቹን አራት ወይም አምስት ሰንጋ በያዙ ቡድኖች ከፍለው በቡድኖቹ መካከል አግዳሚ ያስገቡ። የዚህ ጥቅም ከድሬዳዋ ወደ ደንገጎ ሲወጣ በግልጽ ይታያል፤ አግዳሚ ከሌለ ዳገቱ የአሥራ አንዱንም ክብደት የኋለኛው በር ላይ በቆመው ሰንጋ ላይ ይጭነዋል። አቋቋማቸው ወደ ጉዞው አቅጣጫ ወይም በወርዱ ይሁን፣ በሰያፍ ግን አይሁን፤ በሰያፍ የቆመ ከብት ፍሬን ሲያዝም መኪናው ሲታጠፍም ሚዛኑን ያጣል። ከአንድ ደጅ የመጡት ጎን ለጎን ይቁሙ።

ገመዱ አንገት ወይም ራስ ላይ ይታሰር እንጂ በአፍንጫ፣ በቀንድ ወይም በእግር አይታሰር። ርዝመቱ ሰንጋው ራሱን እስከ ጉልበቱ ዝቅ ሊያደርግ የሚያስችለው ይሁን። ከዚህ ካጠረ ሲወድቅ ይታነቃል፤ ብዙ ከረዘመ እግሩ ይገባበታል። ቋጠሮው አንዱን ጫፍ ሲስቡት በአንድ ጊዜ የሚፈታ መሆን አለበት። በማሰር የተጠመደው ረዳት «ጠበቅ ካለ ይሻላል» ማለቱ አይቀርም፤ ራስዎ እየዞሩ እያንዳንዱን ቋጠሮ ይፈትኑ።

ደረጃ 7፦ የመነሻ ሰዓት

መንገዱ ከፍታውና ሙቀቱ የሚለዋወጥ ነው። ቁልቢ አካባቢ ሌሊቱ ብርዳማ ነው፤ ከሚኤሶ ጀምሮ በአዋሽ እስከ መተሐራ ያለው ቆላ ግን በቀን እጅግ ይሞቃል። የመነሻ ሰዓት የሚመረጠው ቆላውን በቀዝቃዛ ሰዓት ለማለፍ ነው።

የተጫነ መኪና ከሐረር ሚኤሶ ለመድረስ በጠመዝማዛው ምክንያት ስድስት ሰዓት ያህል ይወስዳል። ከምሽቱ 11 ሰዓት ላይ ቢነሡ ቆላውን በሌሊት ያልፉታል፣ ጎሕ ሲቀድም አዳማን ያገኛሉ። በሌሊት መጓዝ የማይቻልበት ወቅት ከሆነ ከሰዓት በኋላ ተነሥተው ጭሮ ላይ ይደሩ፤ ወይና ደጋ ስለሆነ ከብቱ አይጨነቅም፣ ውሃና ድርቆሽም ይቀርብለታል። በማግሥቱ ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ከጭሮ ከተነሡ ፀሐይ ሳትበረታ መተሐራን ያልፋሉ። ገበያው እንደ ተፈታ ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ መነሣት ከሁለቱም ይከፋል።

ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 የቁልቢ ገብርኤል ንግሥ ስለሆነ በዋዜማዎቹና በዕለቱ መንገዱ በመኪና ይዘጋል። የገና ሰንጋ የሚያጓጉዝ ሰው ጭነቱ ከታኅሣሡ ንግሥ ጋር እንዳይገጥም አስቀድሞ ያስብ፤ ቆሞ የሚጠብቅ መኪና ውስጥ ነፋስ የለም።

ደረጃ 8፦ አነዳድ

ሾፌሩ ጭነቱ ስሚንቶ አለመሆኑን እንዲያስታውስ አስቀድመው ይነጋገሩ። ፍጥነት የሚቀነሰው ጠመዝማዛው ውስጥ ሳይሆን ጠመዝማዛው ከመድረሱ በፊት ነው። ቁልቁለት ላይ ፍሬን በድንገት ከመርገጥ በከባድ ማርሽ መውረድ ይመረጣል። ከቆመበት ሲነሣም በዝግታ ይነሣ። ክፍያውን በቶሎ መድረስ ላይ ሳይሆን ሰንጋዎቹ ሁሉ ቆመው መድረሳቸው ላይ ቢያደርጉት ብዙ ንግግር ያስቀርልዎታል።

ደረጃ 9፦ በመንገድ ላይ መቆጣጠር

የመጀመሪያው ቁጥጥር ከተነሡ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ነው፤ ከሐረር ለሚነሣ ሐረማያ አካባቢ፣ ከድሬዳዋ ለሚነሣ ደንገጎ ላይ እንደ ወጡ ይሁን። ገመድ የሚላላውም፣ ከብት የሚወድቀውም በአብዛኛው በዚህ የመጀመሪያ ክፍል ነው። ከዚያ በኋላ በየሁለት ሰዓቱ ይቁሙ።

ሲቆሙ የሚያዩት ይህን ነው፦ ሁሉም ቆመዋል ወይ? ሰንጋ በሚሄድ መኪና ላይ በፈቃዱ አይተኛም፤ ገና በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት የተኛ ካለ ደክሟል ወይም ታሟል። የጎናቸውን ከፍና ዝቅ ማለት ለግማሽ ደቂቃ ቆጥረው በሁለት ያባዙ፤ በዕረፍት ላይ ያለ ሰንጋ በደቂቃ እስከ 30 ገደማ ይተነፍሳል። አፉን ከፍቶ፣ ምላሱን አውጥቶ የሚያለከልክ ካለ በሙቀት ተጎድቷል፤ ወደ ጥላ ወስደው፣ ነፋስ በሚገባበት አቅጣጫ አቁመው፣ ውሃ ያጠጡት፣ ራሱንና ሰውነቱንም በውሃ ያርጥቡት።

ዕረፍቱ ከ20 ደቂቃ አይብለጥ፣ በጥላም ይሁን። የሾፌሩ ምሳና የጫት ሰዓት በፀሐይ ከቆመ መኪና ጋር ሲገጥም የሚደርሰው ጉዳት ከጉዞው ራሱ ሊብስ ይችላል፤ መኪናው ሲሄድ ነፋሱ ሙቀቱን ያወጣዋል፣ ሲቆም ግን የከብቱ ትንፋሽና የእበቱ ሽታ በዚያው ይታመቃል። ሸራውም ከላይ ለጥላ ይዘርጋ እንጂ ጎኑን አይድፈን።

ደረጃ 10፦ አንዱ ቢወድቅ

መኪናውን በዝግታ ወደ ዳር አውጥተው ያቁሙ። መጀመሪያ የወደቀውን ገመድ ይፍቱ፤ ካልተፈታ ይቁረጡ። ከዚያ በጎኑ ያሉትን ፈትተው ያርቋቸው። ሦስተኛው ሥራ በጎኑ የተዘረጋውን ሰንጋ በደረቱ ላይ እንዲያርፍ ማገላበጥ ነው፤ የሚያመሰኳ እንስሳ በጎኑ ተዘርግቶ ከቆየ በሆዱ ያለው ጋዝ መውጫ አጥቶ ይነፋል፣ ሳንባውን ተጭኖም በአጭር ጊዜ ይገድለዋል። ይህን ብዙ ረዳቶች ስለማያውቁት ለማንሣት ሲታገሉ ዋናው ደቂቃ ያልፋል።

በደረቱ ካረፈ በኋላ ከእግሩ በታች አሸዋ ይጨምሩለት፣ ውሃ ያቅርቡለት፣ ለጥቂት ደቂቃ ይተዉት። አብዛኛው ሰንጋ ቦታ ካገኘ ራሱ ይነሣል። አፍንጫውን ማፈን፣ በጅራቱ ማንጠልጠል ወይም በገመድ ጎትቶ ማውረድ አይገባም። ካልተነሣ በአቅራቢያው ያለ የእንስሳት ሐኪም ይጠሩ፤ እግሩ ከተሰበረ ጉዞው እዚያው ማብቃት አለበት፣ ሐኪሙ ከፈቀደም እዚያው ባለ ቄራ ይታረዳል።

ደረጃ 11፦ ማውረድና ማሳረፍ

ቄራ ሲደርሱ ከመቆም ይልቅ ወዲያው ያውርዱ። መውረድ ለከብት ከመውጣት ይከብዳል፤ መወጣጫው እዚህም ያስፈልጋል፣ ከአልጋው ማስዘለል የፊት እግርን ይሰብራል። በሩ ሙሉ በሙሉ ሳይከፈት ማስወጣት ዳሌያቸውን ያላትማል። በማረፊያው ውሃ ይቅረብላቸው፣ በመኪናው ላይ አብረው የመጡትም አብረው ይቆዩ። የጠፋው የጡንቻ ስኳር በአንድ ሌሊት ዕረፍት አይመለስም፣ በከብት ቀናት ይፈጃል፤ ስለዚህ ማረፊያው ላይ ከሌላ ነጋዴ ሰንጋ ጋር ቀላቅሎ ማዋጋት መንገዱን ሙሉ የጠበቁትን በአንድ ሰዓት ያጠፋዋል።

ተደጋግመው የሚታዩ ስሕተቶች

ቦታ ተረፈ ብሎ ፍየልና በግ በሰንጋዎቹ እግር ሥር መጫን። ይረገጣሉ። ፍየልና በግ ለብቻቸው ይጫኑ፤ ከ35 ኪሎ በታች ለሆነ አንድ ፍየል ከ0.2 እስከ 0.3 ካሬ ሜትር ይበቃል። አራት እግሩን አስሮ በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ መጫንም በየበዓሉ የምናየው ነው፤ የታሰረው እግር ደም አይዘዋወርበትም፣ በጎኑ የተኛው ፍየልም ልክ እንደ ሰንጋው ይነፋል።

በገበያ ላይ በቀለም ምልክት ፋንታ በቢላዋ ጆሮ ወይም ቆዳ መቁረጥ። ቁስሉ ዝንብ ይጠራል፣ ቆዳውም ይበላሻል። ቀለም በቂ ነው።

የሚዋጋውን ሰንጋ «መሐል ቢሆን ይበርዳል» ብሎ መሐል ማቆም። መሐል የቆመ ተዋጊ ግራና ቀኙን ይወጋል። ለብቻው በአግዳሚ ተከልሎ ጥግ ላይ ይቁም።

መኪናውን ሳያጥቡ ለሚቀጥለው ጭነት መመለስ። እበቱ በደረቀበት ወለል ላይ አዲሱ አሸዋ አይይዝም፣ የቀደመው ጭነት በሽታም ለአዲሱ ይተላለፋል። አዳማ ወይም አዲስ አበባ እንዳወረዱ ወለሉን ጠርገው በውሃና በሳሙና አጥበው፣ በፀሐይ አድርቀው ይመለሱ።